ሳንነሳ የቀረነው የሰርግ ፎቶ

ልጄ ሕይወት በቀደም ለምርቃቷ ኬክ ልታዝ ፒያሳ ወርዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። የለመድነው ኬክ ቤት ባለቤት በፌስቡክ የጻፈው የፖለቲካ ነገር ጓደኞቿን አስቆጥቷቸው፣ ማንም ከዚያ ቤት እንዳይገዛ በስልክ እየተላላኩ ነው። እሷም ጽሑፉን አንብባ ተናድዳለች። «እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ትገዢ ነበር?» አለችኝ። እኔም በሷ ዕድሜ ሳለሁ የአንድ ሰው ደጅ አልረግጥም ብዬ ነበር።

ጋሽ ፈንቴ ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ነበራቸው። የከተማው ሰው የትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶውንም፣ የሰርጉንም እዚያ ነበር የሚነሳው። ቀልደኛ ስለነበሩ ሰውን አስቀው፣ ጥርሱ ሳይከደን ያነሱታል። በዚያ የምርጫ ዓመት ግን ስብሰባ ላይ ቆመው ለመንግሥት ወገኑና በምርጫው ሰበብ የታሰሩትን ወጣቶች «ሥራ የፈቱ ዱርዬዎች ናቸው፤ ይበላቸው» አሉ። ከታሰሩት አንዱ የእጮኛዬ የሙላት ታናሽ ወንድም ነበር። እናታቸው በየቀኑ ስንቅ ይዘው ሲመላለሱ አይቻለሁ። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ከጋሽ ፈንቴ ቤት ፎቶ ላንነሳ ተማማልን። እኔ ደግሞ ከዚያም አለፍኩ። መንገድ ላይ «እንዴት አደርሽ?» ሲሉኝ ፊቴን አዞርባቸው ጀመር።

ሰርጋችን ጥር ላይ ሆነ። ሌላው ፎቶ ቤት ለዚያ ቀን ቀድሞ ተይዞ ስለነበር፣ የሙላት ጓደኛ ካሜራ ተውሶ ሊያነሳን ቃል ገባ። አባቴ ከአይከል ባሻገር ገጠር የሚኖር ገበሬ ነበር። እህሉን ከአውድማ አስገብቶ፣ አንድ ቅል ቅቤ አንጠልጥሎ፣ አዲስ ጋቢ ለብሶ በዋዜማው ደረሰ። የመንገዱ አቧራ ገና ከቅንድቡ ሳይራገፍ ስለ ፎቶው ጠየቀኝ።

«ከዚያ ሰውዬ ቤት ነው አይደል የምንነሳ? የአክስትሽን ልጅ ሸጋ አርጎ ነው ያነሳት።»

«እዚያስ አንነሳም፣ አባ።»

«ምነው?»

«ሰውየው ከአሳሪዎቹ ጋር ነው።»

«እኔኮ ካንቺ ጋር የተነሳሁት አንድም ፎቶ የለኝም» አለኝ።

«የሙላት ጓደኛ ያነሳናል» ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር። በሰርጌ ቀን እንኳ ቃሌን አላጠፍኩም።

ሰርጉ ደመቀ፤ ፊልሙ ግን ተቃጠለ። ጓደኛው ሳያውቅ ካሜራውን ከፍቶት ኖሮ አንድም ፎቶ አልወጣም። አባቴ ሁለት ቀን ከተማ ሰንብቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሞተ። ሳል ጀምሮት ሳምንት አልቆየም። በዝናብና በጭቃ መኪናችን እየተያዘች ስንደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ የባቄላ ንፍሮ ይታደላል። ከተማ የሟች ፎቶ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ማየት ለምጄ ስለነበር ዓይኔ ዝም ብሎ ፎቶ ፈለገ። የአባቴን ፊት መልሼ የማይበት ምንም እንደሌለኝ የገባኝ ያኔ ነው።

በሠልስቱ ጋሽ ፈንቴ መርዶውን ሰምተው መጡ። ከዋናው መንገድ ወርደው በእግራቸው ስለመጡ ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። ከኮታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የአባቴ ፎቶ ነው። በአዲሱ ጋቢ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ሌላ ባዶ ወንበር አለ።

«አባትሽ አያ ተገኘ በሰርግሽ ማግስት መጥተው ነበር» አሉኝ። «‹ልጄ ተቆጥታለች፤ ሲበርድላት መጥታ ትወስደዋለች፤ እስከዚያ አኑርልኝ› አሉ። ወንበሩንም ያስጠጉት እሳቸው ናቸው። ‹የሷ ቦታ ነው› ብለው።»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ እምባዬ እሺ አላለኝም ነበር። ያን ጊዜ ወጣልኝ።

ሙላት ግን «ወንድሜን ዱርዬ ያሉትስ?» አላቸው።

«የምደግፈውን አሁንም እደግፋለሁ፤ አልዋሽህም» አሉ ጋሽ ፈንቴ። «እናትህ ስንቅ ተሸክመው በሚመላለሱበት ሰሞን ያን መናገሬ ግን ነውር ነው። እሱን ይቅር በሉኝ።»

ሙላት ተነሳና በጣሳ ውሃ አምጥቶ እጃቸውን አስታጠባቸው።

ከዚያም በኋላ እሳቸው ዘንድ ፎቶ አልተነሳንም። ሕይወት ክርስትና ስትነሳ ሙላት «አይሆንም» አለ፤ እኔም አልተከራከርኩትም። የምንከፍለው ገንዘብ የማንን ጉልበት እንደሚያበረታ ማሰብ ተገቢ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ። በደጃቸው ሳልፍ ግን ቆም ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ስለ ልጄ ይጠይቁኛል። አንዳንዴ አስባለሁ፤ ያኔ አባቴን እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ የሙላትን እናት ፊት እንዴት አይ ነበር? እንዲህ ሳስብ ልክ ነበርኩ እላለሁ። ፎቶውን ሳይ ደግሞ አልልም።

ይህን ሁሉ ለሕይወት ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «ታዲያ ልግዛ ወይስ አልግዛ?» አለችኝ።

«ልብሽ ካልፈቀደ አትግዢ። ሰውየው ሰላም ሲልሽ ግን መልሺለት።»

«ይሄን ብቻ?» ብላ ሳቀች።

ይሄን ብቻ ነው። ለእኔ ግን ያችን አንዲት ሰላምታ ለመመለስ የአባቴ ሞት አስፈልጎኝ ነበር።