ከወረቀቱ ላይ ያስቀረኋት ትእዛዝ

ቡታጅራ መናኸሪያ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊው አቶ ግርማ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና አንድ ወፍራም መዝገብ አስረከቡኝ። "የሚኒባሶቹን ተራ ከዚህ መዝገብ ወደዚህ ማሽን አዛውርልን" አሉኝ። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ብቻዬን ከመጻሕፍት ነው፤ ዲግሪ የለኝም። መዝገቡን ሦስት ቀን ሙሉ አነበብኩት።

ፕሮግራሙን በሲ ቋንቋ ጻፍኩ። መኪና ሲገባ ይመዘገባል፤ ተራው ሲደርስ በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ቀጥሎ የመውጫ ወረቀት ይታተማል። ያስቸገረኝ ደንቡ ነበር። የእንሴኖ ገበያ ቀን ሌላ ነው፤ በዓል ሌላ ነው፤ መንገድ በጭቃ ሲያዝ ሌላ ነው። ደንብ በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙን ከፍቼ እንደገና እገነባለሁ። እስከዚያ ሾፌሮች መስኮቴን ይደበድባሉ።

መላው የተገኘው ስኪም የተባለ ቋንቋ በፕሮግራሜ ሆድ ውስጥ ሳስገባ ነው። ደንቦቹ ከሲው ወጥተው በጽሑፍ ፋይል ተቀመጡ። እያንዳንዱ ደንብ አንድ ፋንክሽን ሆነ፤ የቆመውን ሰልፍ ይቀበላል፣ አዲስ ሰልፍ ሠርቶ ይመልሳል፣ የተቀበለውን አይነካም። አሥራ አንድ ትእዛዞች አበጀሁ። ስማቸው አማርኛ ነው፤ የሚጻፉት ግን በላቲን ፊደል ነው።

አቶ ግርማ "ጋሽ ሸምሱን አስተምረው" አሉኝ። ጋሽ ሸምሱ ተራ አስከባሪ ነው። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ በመናኸሪያው ፀጉሩ ሸብቷል። አሥራ አንዱን ትእዛዝ በአንድ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁት።

"ይሄ ሁሉ ቅንፍ ምንድነው፣ ኢንጂነር?" አለኝ። ኢንጂነር የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ነው።

"መጨረሻ የተከፈተው መጀመሪያ ይዘጋል።"

"እንደ ፖርቶ መጋላ በለኛ! መጨረሻ የተጫነው ዕቃ መጀመሪያ ይወርዳል።"

በሳምንቱ የእንሴኖን ገበያ ደንብ በአራት መስመር ጽፎ አመጣ። የኔ አሥራ ዘጠኝ መስመር ነበር። ስህተት ፈለግሁለት፤ ሦስት ጊዜ ፈትሼ አጣሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ አቶ ግርማ "ደንቡን የሚጽፈው ሸምሱ ነው" ይላሉ። ሾፌሮቹም "ሸምሱ፣ ኮምፒውተር ሆንክ አይደል?" እያሉ ትከሻውን ይመቱታል። ቋንቋውን ማን እንዳስገባው የጠየቀ ሰው የለም። በዚያው ሰሞን የወልቂጤ መናኸሪያ ፕሮግራሙን ፈለገ። አንድ ሰው ሄዶ ይተክላል፤ ኃላፊም ሆኖ እዚያው ይቀራል። ቤተሰቤ የሚኖረው ቸሃ ወረዳ ስለሆነ ወልቂጤ ትቀርበኛለች። እውነቱን ለመናገር ግን ከመሄዴ ይልቅ የሸምሱን አለመሄድ ነበር የምፈልገው።

አሥራ ሁለተኛ ትእዛዝ ጨመርኩ፤ "አጥፋ" የምትል፣ ስምን ከዝርዝር የምትሰርዝ። በሸምሱ ወረቀት ላይ አልጻፍኳትም። በሷ የለቅሶን ደንብ በሁለት መስመር ጨረስኩ። ለቅሶ የሄደ ሾፌር ሲመለስ አንድ ጊዜ ከሰልፉ ፊት ይቆማል። ደንቤ ፊት ያቆመውና ስሙን ከለቅሶኞች ዝርዝር ያጠፋዋል። ከሸምሱ ደንብ ያጠረ በመጻፌ ደስ አለኝ።

ከድር የሚባል ሾፌር ከአጎቱ ለቅሶ ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ ስሙ አንደኛ ሆኖ ታየ። ተሳፋሪ ጭኖ ሲጨርስ ማተሚያው የሌላ ሰው መውጫ አተመ፤ ከድር መጨረሻ ሆነ።

"ስክሪኑ ውጣ ይለኛል፣ ወረቀቱ ቁም ይለኛል!" ብሎ ጮኸ። "አጎቴን ሁለተኛ ልቅበረው እንዴ?"

ወዲያው ገባኝ። ፕሮግራሙ ደንቡን ሁለት ጊዜ ይጠራዋል፣ አንዴ ለስክሪኑ፣ አንዴ ለወረቀቱ። በመጀመሪያው ጥሪ ስሙ ጠፋ፤ በሁለተኛው ከድር ለቅሶኛ አልነበረም። የሸምሱ ደንቦች መቶ ጊዜ ቢጠሩም መልሳቸው ያው ነው።

በማግስቱ ግምገማ ነበር። "ሸምሱ፣ ደንብ ያንተ ሥራ ነው፤ ምን ትላለህ?" አሉ አቶ ግርማ።

"ጥፋቱ የኔ ከሆነ ወልቂጤ ሌላ ሰው ይሂድ" አለ።

ደንቡን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ሳልናገር ወደ ኮምፒውተሬ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ፋይሉን አሳትሞ መጣ። ጣቱ "አጥፋ" ላይ ነበር።

"ይህችን ቃል አላስተማርከኝም።"

"አላስተማርኩህም።"

"ለምን?"

"እንዳታውቃት ብዬ።"

ወረቀቱን አጠፈው። "ወላሂ፣ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር" አለ። "በመዝገቡ ጊዜ ተራ አሥር ጊዜ እናነባለን፤ ስም የምንሰርዘው ግን መኪናው በሩን ሲያልፍ ብቻ ነው።"

አቶ ግርማ ዘንድ ገብቼ ነገርኳቸው። "ጠዋት በግምገማው አፍህን ምን ያዘው?" አሉኝ። "አጥፋ"ን ከቋንቋው አወጣሁ፤ ስረዛውን ወደ ሲው መልሼ መኪናው በሩን ሲያልፍ እንዲሆን አደረግሁ። ሸምሱ ወልቂጤ ሄደ። እኔ ቡታጅራ ቀረሁ። እዚያ ሲያመሰግኑት ስሰማ አሁንም ደስ አይለኝም።

ለሰው በምትሠራው ቋንቋ ውስጥ ለራስህ የምትደብቀው ትእዛዝ አታስቀምጥ። ደንብ ተራን ያሳያል እንጂ ስም አይሰርዝም።