የባሌ አንድ ኪሎ

ባሌ ማለዳ ማለዳ ሲጸልይ ከመጋረጃው ማዶ ሆኜ እሰማዋለሁ። እውነቱን ልናገርና መስማት ብቻም አይደለም፣ ሰዓት እይዝበታለሁ። ያ ሁሉ ጉድ በፈላበት ሳምንት ለእኔ የደረሰችኝ «ቤተሰቤንም ጠብቅልኝ» የምትል አንዲት ሐረግ ነበረች። ለዲጂታል ግን ሰባት ደቂቃ! ንግዱን፣ ጤናውን፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የእናቱን ዓይን ሳይቀር እየዘረዘረ ለመነለት። እኔ ስንት ዘመን ወገቤን ይዤ ሳቃስት አንዲት ደቂቃ አልተመደበችልኝም። ሌላዋ ሴት በውሽማ ትቀናለች፤ እኔ በባሌ ጠላት ቀናሁ።

ዲጂታል እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ቁጥር የሚያበራ አዲስ ሚዛን ስለሚሸጥ ገበያተኛው የለጠፈበት ነው። ሱቁ መስታወት በመስታወት ሆኖ ከባሌ ክፍል ፊት ለፊት ቆሟል። ባሌን ደግሞ አባ ኪሎ ይሉታል፤ ሚዛን ጠጋኝ ነው። ከገበያው ደረጃ ሥር ያለችው ክፍሉ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚያወራባት ናት። ግድግዳው ላይ ሞላዎችና የሚዛን ሳህኖች ተሰቅለዋል፤ ካቻቢቴዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ ብረት የሚያስርበት ሞርሳ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጣብቆ አብሮት አርጅቷል። የማንም ነጋዴ ሚዛን መርፌው ሲንቀጠቀጥበት የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ባሌ አንድ አሮጌ ሚዛን በጠገነ ቁጥር ዲጂታል አንድ አዲስ ሳይሸጥ ይውላል። ጠቡ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን ስለ ባሌ የሚዛን ድንጋይ ልንገራችሁ። ድንጋይ ትባላለች እንጂ ነሐስ ናት፣ ልክ አንድ ኪሎ። ሥራውን ያስተማረው ሰውዬ ሲሞት የተወለት ናት። የተጠገነ ሚዛን ሁሉ በመጨረሻ የሚፈተነው በእሷ ነው፤ መርፌው አንድ ኪሎ ላይ ካልቆመ ከሳህኑ ሥር ያለችውን ብሎን ጠምዘዝ፣ ላላ እያደረገ ያስተካክላል። እንዳትሰረቅበት ማታ በጨርቅ ጠቅልሎ ቤት ያመጣታል። ጠዋት ሲጸልይ ደግሞ ጭኑ ላይ ያስቀምጥና አመድ በነካ እርጥብ ጨርቅ ያሻታል፤ ይጸልያል ያሻታል፣ ያሻታል ይጸልያል። ሃያ ሁለት ዓመት! እኔ እንኳ እንደዚያ ተደባብሼ አላውቅም። በእሷም እቀና ነበር፤ አንዴ ቅናት ከጀመሩ ወዲያ ሰው ነው ነሐስ ነው ብሎ መምረጥ የለም።

ታዲያ ዲጂታል አንድ ቀን ከስኳር ነጋዴዋ አንድ ኪሎ ስኳር ገዛ። ሱቁ ወስዶ በራሱ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው ጎደለ። የፈለገውን አገኘ! ሮጦ ለገበያ አስተዳደሩ አመለከተ፦ «አባ ኪሎ የነካው ሚዛን ሁሉ ሌባ ነው» ብሎ። ወዲያው ደብዳቤ መጣ። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ባሌ የጠገናቸው ሠላሳ አንድ ሚዛኖች በሕዝብ ፊት ይፈተናሉ፤ ከጎደሉ ክፍሉን ያስረክባል። ክፍሉን አስረከበ ማለት በሃምሳ ስምንት ዓመቱ እጁን አጣጥፎ ቤት ተቀመጠ ማለት ነው።

ደብዳቤውን አንብቤ ሳልጨርስ ጮህኩ። «ሰማህ? ሰባት ደቂቃ የምትለምንለት ሰው ነው ይኼን ያደረገው!»

«ስንት ደቂቃ አልሽ?» አለኝ ቀና ብሎ።

ምላሴን ነከስኩ። «ማለቴ... ብዙ ትጸልይለታለህ ለማለት ነው። በል አሁን ተነስና ሚዛኖቹን አንድ በአንድ ፈትሽ።»

«ሰርቄ አላውቅም። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔር ያውቃል፤ የገበያ አስተዳደር ግን አያውቅም!»

ሳቀ። ሲስቅ ይበልጥ ያናድደኛል። «እሱ ይዋጋልኛል፣ አንቺ ሴትዮ። አትጨነቂ» ብሎ ድንጋይዋን ማሸቱን ቀጠለ።

እኔ የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ሥራዬ ሳይጠፋ መቁጠር፣ ሳይሰበር መለወጫውን ማዘጋጀት ነው። እጄን አጣምሬ ሐሙስን ልጠብቅ አልችልም። ሰኞ ባሌ ከሥራ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ድንጋይዋ ቤት ነበረች። ጎረቤት ሊጠይቅ ብቅ ሲል ከነጨርቋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፦ የፊዚክስ መምህሩ በቤተ ሙከራው ሚዛን መዝኖ «ልክ ናት» ብሎ ወረቀት ይጽፍልኛል፣ እኔ ያንን ወረቀት ሐሙስ በዲጂታል አፍንጫ ሥር አውለበልባለሁ፣ ገበያው በሙሉ «ባሏን ያዳነች ሴት» ይለኛል።

መምህሩ መዘነ። መነጽሩን አወለቀና ጠርጎ እንደገና መዘነ።

«እትዬ፣ ይቺ ድንጋይ የማን ናት?»

«ምነው?»

«ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ግራም ናት። ስድስት ግራም ጎድላለች። ታጥባ ታሽታ ያለቀች ነው የምትመስለው።»

«ሌላ ሚዛን የለህም?»

ሌላ አመጣ። ያው። ሌላ አመጣ። ያው!

እዚህ ላይ የተሰማኝን ብደብቅ ይህን መጻፍም አያስፈልገኝም፤ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ! ያ ሁሉ ጸሎት ድንጋይ ሲፍቅ ኖሯል፣ ደርሼበታለሁ፣ እኔ ነኝ ትክክል! በኮሪደሩ እንደ ልጃገረድ እየዘለልኩ እስከ ደረጃው ደረስኩ። ደረጃው ላይ ግን ስሌቱ ገባኝ። በጎደለ ድንጋይ የተስተካከለ ሚዛን ገዢውን በየኪሎው ስድስት ግራም ይበላዋል። ዲጂታል አልዋሸም ማለት ነው። ሐሙስ ሠላሳ አንዱም ሚዛን ሊጎድል ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሄጄ ነገርኩት። አላመነኝም። ድንጋይዋን በመዳፉ ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች አደረጋት፤ ለሃያ ሁለት ዓመት እጁ አብሯት ስለለመደ ልዩነቱን እጁ ሊነግረው አልቻለም። ከዚያ ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ድሮ ተቀርጾባት የነበረው ቁጥር ከጠፋ ቆይቷል። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጌታዬ» አለ፣ እኔን አይደለም፣ «አንተን ስለምን ሰውን ሳጎድል ነው እንዴ የኖርኩት?»

ያኔ ድሌን ዋጥኳት። «አሁን አልቅሰህ አይሆንም። ከትምህርት ቤቱ ልክ የሆነ ድንጋይ ፈርሜ አወጣለሁ፤ ርእሰ መምህሩን አስፈቅዳለሁ። አንተ ጸልይ፣ እኔ...»

«ጌታዬ፣ አፈርኩ፤ እርዳኝ» አለና ካቻቢቴውን አነሳ። ከጋብቻችን ጀምሮ የሰማሁት አጭሩ ጸሎቱ ነው፤ ሦስት ቃል! «ተነሺ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሠላሳ አንድ ሚዛን ነው ያለብን።»

ድንጋዩ የተፈቀደልኝ ማክሰኞ ነው፤ የዚያኑ ቀን ከሰዓትና ረቡዕ ሙሉ ቀን ገበያውን አዳረስነው። እኔ የትምህርት ቤቱን ድንጋይ በቅርጫት ተሸክሜ ከፊት፣ እሱ መሣሪያውን ይዞ ከኋላ። ሥራው ቀላል ነበር፤ ብሎኗን ሩብ ዙር ማዞር። ችግሩ የእሱ አፍ ነው። እያንዳንዱ ሱቅ በገባን ቁጥር መጀመሪያ፦ «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ ድንጋዬ ጎድላ ነበር፤ ሚዛንህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ይላል።

ሦስተኛው ሱቅ ላይ በክርኔ ጎሰምኩት። «ዝም ብለህ አስተካክለህ እለፍ! ማን ጠየቀህ?»

«ሚዛን ጠጋኝ ነኝ እኮ» አለኝ፤ መልሱ ይኼው ነው።

ሥጋ ሻጩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ስድስት ግራም? ጋሼ፣ ቢላዋዬ ላይ ተለጥፎ የሚቀረው ከዚያ ይበልጣል! ግቡ፣ ግቡ!» ምስማር ሻጩ ግን ተቆጣ፤ ቡና ሻጩም ጀርባውን ሰጥቶን ቆየ። የሆነው ሆኖ ሁሉም እንድናስተካክል ፈቀዱ። ስኳር ነጋዴዋ ብቻ እምቢ አለች። ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ናት።

«ሚዛኔን እንዳትነካ! ደንበኛ እያየ ሌባ ልታስመስለኝ? ሂድ ከዚህ!»

«እህቴ፣ ከነገ ወዲያ ፈተና ነው...»

«ሂድ አልኩህ!»

ሠላሳ አስተካክለን በአንድ ሚዛን ጉድ ልንሆን ነው። ረቡዕ በማለዳ እኔም ለብቻዬ ሄጄ ለመንኳት፤ ከከረጢቶቹ ኋላ ሆና እንዳልሰማች ሆነች።

ሐሙስ ደረሰ። የገበያ አስተዳደሩ ኃላፊ አጭር ሴት ናት፤ ልካቸው ተረጋግጦ የታሸጉ ድንጋዮች የያዘ ሳጥን አስይዛ መጣች። ሕዝቡ ግር ብሎ ይከተላል። ዲጂታል ደግሞ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሰርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። አንደኛው ሚዛን ልክ፣ ሁለተኛው ልክ፣ አሥረኛው ልክ። ሠላሳኛው ላይ ስንደርስ የዲጂታል ፊት ቲማቲም መስሏል። እኔ በልቤ እዘፍናለሁ።

ከዚያ የስኳር ነጋዴዋ ሚዛን መጣ። የታሸገውን ኪሎ ስድስት ግራም አስበልጦ አሳየ፤ ገዢውን ያንኑ ያህል ያጎድላል ማለት ነው።

«አላልኩም! አላልኩም እንዴ!» ዲጂታል ዘለለ።

አንዱ ነው፣ ሚዛን ይበላሻል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ኃላፊዋም እንደዚያ ልትል አፏን ከፈት አድርጋ ነበር፣ አይቻታለሁ። ባሌ ግን ወደ ፊት ወጣ። «እሱ ልክ ነው፣ ወይዘሮ። ሠላሳውም በዚህ ሳምንት እስክናስተካክላቸው ድረስ እንደዚህ ነበሩ። የእኔ ድንጋይ ነው የጎደለው።»

ምነው አፉን በሰፋሁት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁን ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ያቺን ቃል ከአፍ ለማውጣት የሚያስፈልገው ዝግጅት በእኔ ግምጃ ቤት መደርደሪያ ላይ የለም። እሱ ለዚያች ደቂቃ ስንት ማለዳ ሲዘጋጅ ኖሯል፤ እኔ ቆሜ ሰዓት እይዝበታለሁ። በዚህም ቀናሁ፣ ምን ላድርግ!

«አመነ! በገዛ አፉ አመነ! ክፍሉ ይዘጋ!» ዲጂታል ይጮሃል።

«ማክሰኞ መጥቶ ነግሮኝ ነበር» የሚል ጎላ ያለ ድምፅ ከኋላ መጣ። ስኳር ነጋዴዋ ናት፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። «ላስተካክልልሽ ብሎ ለምኖኛል። ያባረርኩት እኔ ነኝ።»

ኃላፊዋ ባሌን አየችው። «መጉደሉን እንዴት ደረሱበት?»

«እኔማ አልደረስኩበትም። ሚስቴ ናት» ብሎ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ሠላሳ አንድ ነጋዴና ስፍር ቁጥር የሌለው ገበያተኛ ወደ እኔ ዞረ። በመጨረሻ! ፀጉሬን አስተካከልኩ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ ከንፈሯን መጠጠችና «የታደልሽ! እንዲህ ያለ እውነተኛ ባል!» አለችኝ። ድንጋዩን ያስመዘንኩት እኔ፣ የተሸከምኩት እኔ፣ የታደልኩት ግን በባሌ።

ኃላፊዋ ሳጥኗን ዘጋች። «ክፍሉ አይዘጋም። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ የሚሠሩት በአዲስ ድንጋይ ነው፣ በአሮጌዋ አይደለም። የቢሮው የታሸገ ድንጋይ በዚሁ ገበያ ይቀመጣል፤ በየወሩ መጀመሪያ አዲሱን ድንጋይዎን ከእሱ ጋር ያስተያያሉ። የሚያስቀምጠው ደግሞ...» ብላ ዙሪያዋን ቃኘችና ዲጂታል ላይ ቆመች፣ «እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?» አለ ዲጂታል።

«ስድስት ግራም ቀርቶ አንዲት ግራም የማያሳልፍለት ሰው ከእርስዎ ሌላ አላየሁም።»

«ጠላቱ ጋር!» ብዬ ጮህኩ ሳላስበው። «ወይዘሮ፣ ከሰው ሁሉ ጠላቱ ጋር?»

«እንግዲያው ድንጋዩ እሱ ጋር ይሁን፣ የሳጥኑን ቁልፍ አንቺ ያዢ» አለችና ፈርማ ሄደች።

እነሆ ዘጠኝ ወር ሆነን። በየወሩ መጀመሪያ ባሌ የመስታወቱን በር ከፍቶ ይገባል። ዲጂታል ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ያወጣል፣ ሻይ ያስመጣል፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ሞላና ስለ ባትሪ ይከራከራሉ። ባለፈው ወር ሲሳሳቁ ከውጭ ሰማኋቸው፤ ባሌ ከእኔ ጋር እንደዚያ ከሳቀ ቆይቷል። ቁልፉ ግን እኔ ጋ ነው። ያለ እኔ ያ ሳጥን አይከፈትም።

ስለዚህ ሁልጊዜ ቀድሜ ደርሼ ከደረጃው ኋላ አሥር ደቂቃ እቆማለሁ፣ ቁልፉን ጨብጬ፤ ይጠብቁኝ። ከዚያ እንደሮጠ ሰው እያለከለክኩ እገባለሁ።

«እትዬ፣ ዛሬም ዘገዩ» ይለኛል ዲጂታል ወንበር እየሳበልኝ።

«መንገዱ ተዘጋግቶ ነው» እላለሁ።