የሌለችው ላም

ባለፈው ቅዳሜ ከዲንሾ ወደ ሮቤ በሚኒባስ ስንወርድ ልጄ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አመጣው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የሆኑ ሰዎች ብሔርተኝነትንና አናርኪዝምን አዋህደናል እያሉ ይጽፋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ይሳለቁባቸዋል። «አባዬ፣ አገርን እየወደዱ መንግሥት አያስፈልግም ማለት ይቻላል?» አለኝ። ውጭ ገብሱ በዝናብ ረጥቦ ያበራል፤ ውስጥ የተሳፋሪው ጃኬትና ጋቢ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ጀማል ትዝ አለኝ።

ጀማል የጎባ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። አባቱ ከጊኒር መጥተው ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። በእኛ ዘመን «አናርኪስት» የአቋም ስም ሳይሆን ስድብ ነበር፤ እንዲያውም ከስድብ የከፋ፣ ሰው ደብዛው የሚጠፋበት ስም። ጀማል ግን ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ላይ ትርጉሙን አንብቦ ኖሮ፣ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እኮ ይሄንን ነኝ» አለኝ። እኔ ዙሪያዬን ነበር የማየው።

ያለውንም ይኖረው ነበር። የክፍል አለቃ ሁን ሲሉት እምቢ አለ። የሰፈራችን ኳስ ቡድን ያለ አምበል እንዲጫወት አሳምኖን፣ ቅጣት ምት ባገኘን ቁጥር ማን ይምታ እያልን ስንከራከር ዳኛው በእኛ ተማረረ። ያው ሰው ግን ብሔራዊ ቡድናችን ሲሸነፍ ሬዲዮ ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ሳኔቲ ተራራ ላይ ወጥተን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ስንበላ፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ይህቺን አገር ሲያወራት ብርዱን ያስረሳል። አንዱን ምረጥ፣ አገር ያለ አዛዥ አይሆንም ብዬ ሳበሽቀው መልሱ ሁሌም አንድ ነበር።

«እናቴን እንድወድ ማን አዘዘኝ?»

ትምህርት ጨርሰን ጥቂት ዓመት እንደቆየን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል መንግሥት ወደቀ። አሮጌው ሄዷል፣ አዲሱ ገና ጎባ አልደረሰም። ቢሮዎች ተዘጉ፤ መንገዱ ላይ ዝርፊያ ተጀመረ፤ ሰው በጊዜ በሩን ይዘጋል። «ይኸው፣ የተመኘኸው መጣልህ» አልኩት። አልሳቀም።

ገበያው ውስጥ ጨውና በርበሬ የሚሸጡ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከሰሜን የመጡ የወታደር ሚስት ናቸው። ባላቸው ከጦሩ ጋር ሄዶ የት እንደደረሰ አልታወቀም፤ የቀረቻቸው አንዲት ልጃቸው ብቻ ነበረች። በገበያው ዋዜማ ጥቂት ጎረምሶች መጥተው፣ ጦሩ ሄዷል፣ አንቺም ነገ ገበያው ሳይበተን ከዚህ ከተማ ውጪ አሏቸው። በዚያ መንገድ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቢወጡ ምን እንደሚደርስባቸው ለማንም የተሰወረ አልነበረም።

ጠዋት ነጋዴዎቹ በጀማል አባት ሱቅ ደጃፍ ተሰበሰቡ። አንድ ሊቀመንበር እንምረጥና እሱ ይዘዝ ተባለ። ሁሉም የሚያምነው ጀማልን ስለነበር ዓይኑ ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። እምቢ አለ። ያን ቀን ከልቤ ተናደድኩበት፤ ለመርህህ ብለህ ሴትዮዋን ልታስበላ ነው ወይ አልኩት።

«ዛሬ እኔ አለቃ ሆኜ ትቀመጥ ብል፣ ነገ ሌላው አለቃ ትውጣ ይላል» አለኝ። «ያኔ ምን ልንል ነው?»

ይህን ብሎ ወደ ገበያው ሄደ፤ እኔም እየተነጫነጭኩ ጭቃውን እየረገጥኩ ተከተልኩት።

ጎረምሶቹ የእትዬ አስካለ መደብ አጠገብ ቆመዋል። ጀማል እንዳላያቸው አልፎ ሴትዮዋ ፊት ቆመና እጅ ነሥቶ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አላቸው።

«አከም ቡልተን፣ እትዬ አስካለ? ነጋዳ?»

«ነጋ» አሉ፣ ሰላም ነው ለማለት።

በእኛ አገር ሰላምታ ደህና አደሩ ተብሎ አያበቃም። ቤቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ፣ ማሳው ተራ በተራ ይጠየቃል። እንዲህ የሚጠየቀው ግን ጎረቤት ነው፤ ማንም አላፊ አግዳሚን ስለ ከብቱ አይጠይቅም። ጀማል ቤቱን ጠየቀ፣ ልጅቷን ጠየቀ፣ ከዚያ ልማድ ሆኖበት ነው መሰለኝ «ላሚቱስ ደህና ናት?» አለ። እትዬ አስካለ ላም የላቸውም። ኖሯቸውም አያውቅም። ጉድ ፈላ አልኩ። እሳቸው ጀማልን አዩት፣ ጎረምሶቹን አዩ፣ ከዚያ ቀና አሉ።

«ላሚቱም ደህና ናት፣ ተመስገን።»

ከኋላችን አንድ ከጊኒር የመጡ ሽማግሌ የከብት ነጋዴ ዱላቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉና ያንኑ ሰላምታ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ላሚቱን ሲጠይቁና ደህና ናት ሲባሉ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ቅቤ ሻጮቹ መጡ፣ ከዚያ ባለ ጋሪዎቹ። እኔም ሳላስበው ተራዬን ጠብቄ ያችን ላም ጠየቅኩ። ከቅቤ ሻጮቹ አንዷ የአንደኛው ጎረምሳ እናት ነበሩ፤ ልጁ እናቱን ሲያይ አንገቱን ደፍቶ ሄደ፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ማንም ማንንም አላዘዘም። እትዬ አስካለ ማታ ቤታቸው ገብተው አደሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ። ብሔርተኝነት ወሰን ያሰምራል፣ አናርኪዝም ዘበኛውን ያሰናብታል፤ ስለዚህ አይታረቁም የሚሉት አዋቂዎች ምናልባት ልክ ናቸው። ጎረምሶቹም እኮ አገራችን ነው ይሉ ነበር፤ እነሱም አዛዥ አልነበራቸውም። ልዩነቱን እስከ ዛሬ በአንድ ቃል መግለጽ አቅቶኛል። ጀማል ከዚያም በኋላ ሹመት በመጣለት ቁጥር እምቢ እንዳለ አርጅቷል፤ እንደሱ የማከብረው ሰው የለኝም።

«ይቻል እንደሆነ አላውቅም» አልኩት ልጄን። «እንደዚያ የኖረ ሰው ግን አውቃለሁ። ጋሽ ጀማል ነው።»

ሳቀ። ጋሽ ጀማልን በየበዓሉ ቤታችን እየመጡ አያቱን «ላሚቱስ?» የሚሉ ቀልደኛ ሽማግሌ አድርጎ ነው የሚያውቃቸው። የእትዬ አስካለ አንዲት ልጅ የእሱ እናት፣ የእኔ ሚስት ናት። ጋሽ ጀማል ለምን እንደዚያ እንደሚሉ ግን ጠይቆ አያውቅም ነበር። ሮቤ እስክንደርስ ነገርኩት። ከሮቤ ሌላ ሚኒባስ ይዘን ጎባ፣ አያቱ ቤት ደረስን።

አያቱ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ቤቱን ጠየቃቸው፣ ጤናቸውን ጠየቃቸው፣ ከዚያ «ላሚቱስ ደህና ናት?» አላቸው።

እትዬ አስካለ ፊቱን ትኩር ብለው አዩት፤ ቀጥሎም እኔን።

«ደህና ናት፣ ልጄ» አሉት። «ተመስገን፣ ደህና ናት።»