ዋስ ያለው ጊታር

የወጣን ሌሊት እናቴ ማንንም አላመነችም። አዲስ አበባን ማን እንደሚይዛት አይታወቅም፤ ተኩሱ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። እኛ የአባቴ ወገኖች፣ ቤተ እስራኤሎቹ፣ የእስራኤል ኤምባሲ ግቢ በር ላይ ተሰልፈን "አውቶቡስ መጣ፣ ተነሡ" እየተባልን ነው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ይዞኝ የሚሄደው ታላቅ ወንድሙ አያ ባየህ ነበር፣ ደምቢያ ላይ ዕድሜውን በበሬ ንግድ የጨረሰ ሰው። እናቴ ክርስቲያን ናት፤ ደግሞም የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናቷን ጥላ የትም እንደማትሄድ ቀድማ ቆርጣለች። ግን እስከ በሩ ሸኘችን፤ ያገኘችውንም ሁሉ ስትጠይቅ አመሸች። ይህ ሁሉ ሰው ባንድ ቀን ወዴት ነው የሚጫነው? የሚጭነውስ ማነው? በነጻ ነው ሲሏት ደግሞ ባሰባት። "በነጻ ሲጫን ያየሁት ሬሳ ብቻ ነው" አለች።

እኔ ጊታሬን በጋቢ ጠቅልዬ አቅፌያለሁ። የቀበሌያችን ኪነት ሲበተን የቀረችኝ ናት። የቀጭኗ ክር መወጠሪያ ተሰብሮ ስለቀረ በአምስት ክር ነው አብረን የኖርነው። ቀጭኑን ድምፅ ስፈልግ ሁለተኛዋን ክር ይዤ ጣቴን ወደ ሆዷ አንሸራትታለሁ፤ ያን ጊዜ "ጭውው" ትላለች። አሠልጣኛችን በዚህች ጭውታ ሲሰድበኝ ኖሯል። እናቴ ግን ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉራትን ዜማ ስጫወትላት፣ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ እንዝርቷን አቁማ ትስቅ ነበር።

በሩ ላይ የቆመው ሰው ዕቃ አይገባም አለ። ይሄ ዕቃ አይደለም አልኩት።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እጄ ነው።"

"እጅህን ይዘህ ግባ፣ ይሄን እዚያ አኑር" አለኝ።

እናቴ ተቀበለችኝ። ከዚያ ጆሮዬ ስር ተጠግታ፣ ሰው እንዳይሰማት አፏን በነጠላዋ ከልላ፣ "ስትደርስ ጊታር ፈልገህ በስልክ አሰማኝ" አለችኝ። "'ደህና ነኝ' ማለትማ ወህኒ ቤት ያለም አስገድደውት ይላል። እጅህን ስሰማ ነው የማምነው።"

አውሮፕላኑ ውስጥ መቀመጫ አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። አያ ባየህ ዙሪያውን ሲያይ ቆይቶ "ስንቱን በሬ ስጭን ኖሬ፣ ዛሬ ተራዬ ደረሰ" አለ። ሌላው ሰው ይጸልያል፤ እሱ በሩ በደንብ መዘጋቱን ያያል።

ናታንያ ላይ ባሕር ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ አስገቡን። ወገኖቼ፣ ሆቴል ስላችሁ እንዳትቀኑ። ጠዋት ጥሬ ዱባ በሚመስል ነገርና በቲማቲም ቀኑን የሚጀምር አገር ነው፤ ቆይቶ ዱባው ኪያር መሆኑ ገባን። ያጠቡት ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ ያው እርጥብ ነው፤ ነፋሱ ጨው ጨው ይላል፤ ጉንፋን እንኳ እንደ አገራችን መጥቶ አይሄድም፣ ገብቶ ይከራያል። ሰዉ "ቤሴደር፣ ቤሴደር" ይላል፤ ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው። ይህን ያህል ደህና ነው የሚል ሰው አንድ የሚደብቀው ነገር አለ እያልኩ እኔም እንደ እናቴ ሆንኩ።

ሥራ ያዝኩ፤ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ። ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ካለው ስልክ ቴሌካርት የሚሉትን የስልክ ካርድ አስገብቼ አዲስ አበባ፣ እናቴ ሰፈር ላለው ሱቅ እደውላለሁ፤ ባለሱቁ ጋሽ ንጉሤ ልጅ ልኮ ያስጠራታል። እናቴ ጤናዬን አትጠይቅም። "ጊታሩስ?" ነው የምትለው። ጊዜ አጣሁ እላታለሁ። ደግማ ትጠይቀኛለች፤ ጥያቄዋ ከስልኩ ዋጋ በላይ ያስከፍለኝ ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ ይርጋ የሚባል፣ አገር ቤት የጦር ሠራዊት ባንድ ጊታሪስት የነበረ ሰው አገኘሁ። ጊታር አለው፣ ግን የኤሌክትሪክ ነው፤ ድምፅ ማጉያው የለውም። ሲጫወት ትንኝ ነው የሚመስለው፤ በስልክ ይቅርና አጠገቡ ለተኛችው ሚስቱ አይሰማም። ሚስቱ በዚህ ነገር ደስተኛ ናት። እሱ ግን ማጉያ በመግዛት ፈንታ የሚቀጥለውን ጊታር ነው የሚያስበው። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስንወጣ መሀል ከተማ ካለው የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ መስታወት ፊት እንቆማለን። አንዱን ቀይ ጊታር "ይህቺማ የኔ ናት" ይላል፤ በሳምንቱ ደግሞ ከጎኗ ያለችውን ያገባል። እኔ ከበሩ አጠገብ የተሰቀለችውን፣ ፊቷ እንደ ማር የሆነውን፣ በዓይኔ ስጫወታት እከርማለሁ። አንድ ቀን ገባሁና እጄን ስዘረጋ ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ "በእጅ አይነካም" አለ። ጊታር በእጅ ካልተነካ በምን እንደሚነካ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት። ዓይኑ ኪሴ ላይ ነበር፤ የእኔም ዓይን የእሱ ዓይን ላይ።

ከሆቴሉ ወጥተን ቤት ስንከራይ ነው እንግዲህ ጣጣው የመጣው። ባለቤቲቱ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እኔንና አያ ባየህን ተራ በተራ አይታ፣ "አሬቪም፣ ሁለት" አለች። ዋስ ማለቷ መሆኑ ሲገባኝ ለአያ ባየህ ነገርኩት። ፊቱ በራ። እዚህ አገር ከገባን ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያው ነበር። ለካ ዋስ የሚያውቅ አገር ነው የመጣነው አለኝ። ደምቢያ ገበያ በሬ የሚሸጥ ሰው ዋስ ይጠራል፤ በሬው የተሰረቀ፣ ወይም ሲጠመድ የሚተኛ ሆኖ ቢገኝ ዋሱ ይያዛል። ዋስ የሌለው ሻጭ ሌባ ነው፣ በቃ።

"እስቲ በላት" አለኝ፣ "ጣሪያሽ ክረምት ላይ ላለማፍሰሱ ያንቺስ ዋስ ማነው?"

"ጣሪያዬ አያፈስም" አለች።

"እኛም የሰው ኪራይ አንበላም፤ አንቺ ግን ዋስ አምጡ አልሽን።"

ሴትዮዋ ቁልፉን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይርጋና አንድ የፋብሪካ ጓደኛው ፈርመውልን ገባን። ክረምት ላይ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ያውም አያ ባየህ አልጋ ላይ። ከዚያን ቀን ወዲህ አያ ባየህ ዋስ ሳይጠራ ዳቦ እንኳ መግዛት የሚፈራ ሰው ሆነ።

በዚሁ መሀል አዲስ አበባ አንድ ወሬ ደረሰ። እስራኤል የገባ አንድ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ጣቶቹ በማሽን ተቆረጡ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ ስሙን የሚያውቅ አላገኘሁም። እናቴ ግን ስሙን አውቄዋለሁ አለች። ስደውል "እጅህን ምን ሆነህ ነው የማትጫወትልኝ?" አለችኝና አለቀሰች። ብምል፣ ብገዘት፣ ወይ ፍንክች። በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን ያነሣው ጋሽ ንጉሤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጄ፣ እናትህ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መልበስ ጀምረዋል፤ እህልም እንደ ነገሩ ነው የሚቀምሱት" አለኝ። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሞተ ሰው ነው። እናቴ እኔን በቁሜ ሐዘን ተቀምጣብኛለች ማለት ነው። ያን ቀን ከስልኩ እስከ ቤቴ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም።

በማግስቱ ያፎ፣ አሮጌ ዕቃ ተራ ወርጄ ቀድሜ ያገኘኋትን ጊታር ገዛሁ። ሻጩ ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለ ጠቀለለልኝ። አዲስ ክር ገጥሜ ወጥሬ አደርኩ፤ ሲነጋ አንገቷ ከነክሩ ተነቅሎ ሆዷ ላይ ተኝቷል። ለካ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ሮጬ ስመለስ "ወንድሜ" የሚለው ሰውዬ ቦታ ላይ ካልሲ የሚሸጥ ሌላ ሰው ቆሟል። አያ ባየህ አልተቆጣኝም። አንገቷን በአንድ እጁ፣ ሆዷን በሌላው ይዞ፣ "ዋሷ ማን ነበር?" ብቻ አለኝ።

ስለዚህ ይርጋ ታሐና መርካዚት፣ አውቶቡስ ተራው ግድግዳ ላይ፣ ጊታር የሚሸጥ ሰው የለጠፈውን ወረቀት አይቶ ሲነግረኝ አያ ባየህ ብቻህን አትሄድም አለ። ኤይን ሀትኽሌት የሚባለው ሰፈር ሄደን የበሩን ደወል ደወልን። በሩ በሰንሰለት ተይዞ ትንሽ ተከፈተና አንድ ቀይ ፊት ታየ። ቦሪስ ይባላል፤ ከሩሲያ ከመጣ ዓመት ያልሞላው።

"ማን ላካችሁ?"

"ወረቀቱ።"

"የቱ ወረቀት?" አለ፣ ራሱ የለጠፈው ሰውዬ። በኋላ ሰንሰለቱን ፈታ። እሱ ዕብራይስጡን ከሩሲያ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ስላመጣነው መሀል መንገድ ላይ ነበር የምንግባባው።

ጊታሯን ሰጠኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነካሁዋት። እንጨቷ አሮጌ ነው፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ደረት ላይ የሚያርፍ። ወገኖቼ፣ ሰው ዕቃ እንዲህ ይመኛል ወይ? አፌ ደረቀ። አያ ባየህ በአማርኛ፣ "ፊትህን መልስ፣ ዋጋ ልታስጨምርብን ነው" አለኝና ተቀበለኝ። ሆዷን አንኳኳ። ቀዳዳዋን አሸተተ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ። ከዚያ ክሮቹን ቆጥሮ ቀና አለ።

"ሰባት ናቸው። አንተ የጎደለችህ አንዲት ክር፤ ሰባተኛዋ ምን ልትሠራ ነው?"

ቦሪስ አስረዳ። በእነሱ አገር ጊታር ሰባት ክር ነው፤ እዚህ የሚጫወተው ሁሉ ስድስት ስለሆነ አብሮት የሚጫወት አጣ፤ ይህችን ሸጦ ስድስት ክር ያላት ሊገዛ ነው፤ መርጧታልም። የቷን እንደመረጠ ሲነግረኝ ከበሩ አጠገብ የተሰቀለችዋ፣ የማሯ ነበረች። ትንሽ ቀናሁበት። አያ ባየህ ግን ከሰባት ወደ ስድስት የሚወርድ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ይህ ነገር ተንኮል አለው፣ ዋስ ይጥራ አለ። አፈርኩ። ግን የእናቴ ነጠላ ትዝ ሲለኝ ተረጎምኩት።

"አሬቭ?" አለ ቦሪስ። "አሬቭ የሚጠየቀው ገዢ ነው እንጂ ሻጭ ነው እንዴ?"

"ሌባ የሚሆነው ሻጭ ነው እንጂ ገዢ ነው እንዴ?" አለ አያ ባየህ።

ቦሪስ ተቆጥቶ ሚስቱን ጠራ። አያ ባየህ ሚስት ለባሏ ዋስ አትሆንም ብሎ መለሳት። በመጨረሻ ሰውየው ማዶ ያለውን በር ደበደበና አንዲት ሞሮኳዊት አሮጊት በነጠላ ጫማ ወጡ፤ ማዳም ዞህራ ይሏቸዋል። ነገሩን ሲሰሙ ጊታሯን አይተው ቦሪስን አዩት።

"የእሱ ለመሆኗ ዋስ ነሽ ወይ ነው የምትሉኝ? በዚህች ነገር እኮ ከመጣ ጀምሮ አላስተኛኝም። የሚሰማ ጆሮ ካላችሁ ደህና ትሠራለች፣ አትሰበርም፣ አትታመምም፤ ስጸልይላት ነበር እንድትታመም። ውሰዱልኝ እንጂ እስክሞት ዋስ ነኝ።"

አያ ባየህ በአማርኛ "ዋስ ነኝ" እንዲሉ ጠየቃቸው። "ቫስ ነኝ" አሉ። እጃቸውን ጨበጠ፤ ጊታሯ የእኛ ሆነች።

ቤት ገብቼ ሰባተኛዋን ክር ፈታሁ። ጣቶቼ ለስልሰው ስለነበር ቆዳቸው እስኪላጥ ተለማመድኩ፣ የእናቴን ዜማ ብቻ። ቀጭኗ ክር አሁን አለችና ያቺን ቦታ ጣቴን ሳላንሸራትት፣ ጥርት አድርጌ ማለፍ ቻልኩ። አሠልጣኛችን ቢሰማኝ ብዬ ኮራሁ።

ስልኩ ጋ አብረን ሄድን። እናቴ ተጠርታ መጥታ "ሃሎ" ስትል አያ ባየህ መነጋገሪያውን ጊታሯ አፍ ላይ ደቅኖ ቆመ። ተጫወትኩ፤ ምንም ሳልሳሳት ጨረስኩ። ጆሮዬ ላይ መለስኩት።

"ቆንጆ ነው" አለች እናቴ። "ማነው?"

"እኔ ነኝ እማዬ።"

"ካሴት ነው። አንተ እንዲህ አትችልም።"

አያ ባየህ ስልኩን ነጠቀኝ። እኔ ባየህ ነኝ፣ አጠገቡ ቆሜያለሁ፣ ዋስ እሆናለሁ አላት። የመለሰችለት እስከ እኔ ድረስ ተሰማኝ፤ "አንተስ አብረኸው አይደለህ የታሰርከው? እስረኛ ለእስረኛ ዋስ አይሆንም።" አያ ባየህ ስልኩን ቀስ ብሎ መለሰልኝ። ክርክር እንደተረታ ባለጉዳይ "ልክ ናት" አለኝ።

ካርዱ እያለቀ ነው። ምን ላድርግ? ከዚያ ስልኩን ለአያ ባየህ ሰጥቼ ጊታሯን መልሼ አቀፍኩና ዜማውን ከመሀሉ ጀመርኩ። እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ቀጭኗን ክር ተውኳት። ሁለተኛዋን ይዤ ጣቴን ወደ ሆዷ አንሸራተትኩ። ጭውው አለች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ መለስኩት። አንድ ነገር ሰማሁ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። ጋሽ ንጉሤ መጣ፤ "ቆይ፣ አትዝጋ፣ እናትህ ነጠላቸውን እያቃኑ ነው" አለኝ። ስልኩ ሥር ቁጢጥ አልኩ።

"እጅህ አለ" አለች ተመልሳ።

"አለ እማዬ።"

"ጣቶችህ ሁሉ?"

"ሁሉም።"

"እሰይ። እንግዲያስ መቼ ነው የምትመጣው?"

"በቅርቡ" አልኳት።

"ለዚህስ ዋስህ ማነው?"

ቀና ብዬ አያ ባየህን አየሁት። የባለቤቲቱንም፣ የቦሪስንም ዋስ ሲጠይቅ የከረመው ሰው ፊቱን አዙሮ ጊታሯን በጋቢው ይጠቀልላል። ካርዱ አለቀና ስልኩ ጢጥ ጢጥ አለ። እኔ ግን የምመልስ ሰው መስዬ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆየሁ።