የአባቴ ወረብ በፎር ኬ

አባቴ ቀኝ ጌታ ነበሩ። ማሕሌት ሲቆም በቀኝ በኩል የተሰለፉት መዘምራን የእሳቸውን እግርና የእሳቸውን ጸናጽል እያዩ ነው ወረቡን የሚወርቡት። ከበሮ ሳቱ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት የቡሄ ዕለት ወረባቸውን በስልኬ ቀረጽኩት። ስልኩ ፎር ኬ ይቀርጻል፤ ምስሉ ከተራው ቪዲዮ እጅግ የጠራ ነው። የፈለግኩት አባቴን ብቻ ስለነበር ጠጋ ብዬ አጠገባቸው የቆሙትንም ከበሮ መቺውንም ከምስሉ አስወጣኋቸው። ድምፁ ግን የሁሉም ነው።

ቤታችን ትልቅ ፎር ኬ ቴሌቪዥን አለ። ከእሱ ጋር ያያያዝኩት ከቢሮ የተወገደ ትንሽ ኮምፒውተር ሲሆን የሚሠራውም በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። ጓደኞቼ «ቪዲዮውን በፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተህ አትገላገልም?» ይሉኛል። አልገላገልም! የኮምፒውተር ባለሙያ ተብዬ ደመወዝ እየበላሁ ለፍላሽ እጅ አልሰጥም።

ሊኑክሱ ግን አሻፈረኝ አለ። መጀመሪያ ከተራ ጥራት በላይ አላወጣም አለ። ገመዱ ይሆናል ብዬ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ሌላ ኤችዲኤምአይ ገመድ ገዛሁ። በትእዛዝ ላስገድደው ስሞክር ደግሞ ስክሪኑ ጨልሞ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። እናቴ ባለፈች ባገደመች ቁጥር «ያ ሳጥን ዛሬም አልዳነም?» ትለኛለች። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጻፍኳቸው ትእዛዞች አንዲት የተሳሳተች መስመር አርሜ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ቴሌቪዥኑ ፎር ኬ ተቀበለ። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ሌላ ምንም ሳልፈትሽ አባቴን ጠራኋቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። የጢማቸው ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ መቋሚያቸው ላይ ያለችው ጭረት እንኳ ትታያለች። እኔ የማየው ይህንን ነው። አባቴ የሚያዩት ግን እግራቸውን ነበር። ከበሮው ሲሰማ ምስሉ ውስጥ ያለው እግራቸው ገና አላረፈም። የሌሎቹ ጸናጽል ሲሰማ የእሳቸው እጅ ገና እየወረደ ነው።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ያልሆነውን ያሳያል?» አሉኝ።

በጥራቱ የተደነቁ መስሎኝ ኮራሁ። «አባዬ፣ ይኼ እኮ ከዓይን ይበልጣል። አይዋሽም» አልኳቸው።

«እንዲያ ነው» አሉ። እስከ መጨረሻው ካዩት በኋላ «እግዜር ይስጥህ፤ ሰው እንደሁ ፊት ለፊት አይነግርም» ብለው ተነሡ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ቀለሙን ማድመቅ ጀምሬ ነበር።

ለኅዳር ጽዮን ቀኝ ጌትነቱን ለተማሪያቸው ለቀቁ። የሰማሁት ከእናቴ ነው። መዘምራኑ እግራቸው ላይ ወድቀው ለምነዋቸዋል፤ እሳቸው ግን ይሉኝታ ይዟቸው ነው ብለው አልሰሟቸውም።

«‹እግሬ ከበሮ መሳት ጀምሯል፤ ልጄ አሳየኝ› አሉ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ሮጬ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ያን ጊዜ ነው እግራቸውን በደንብ ያየሁት። እውነትም ይዘገያል። ነገር ግን መሀል ላይ አንዴ ያስላሉ፤ ሳሉ ተሰምቶ ካለቀ በኋላ ነው እጃቸው ወደ አፋቸው የሚሄደው። የዘገየው ኮምፒውተሩ ነበር! የቪዲዮውን ሥራ ለግራፊክስ ካርዱ የሚያስረክበው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም አልተጫነም። ያን ሁሉ ፎር ኬ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ተሸክሞ ሲያነክስ ድምፁ ጥሎት ይሄዳል። ድራይቨሩን ስጭነው ምስሉና ድምፁ ገጠሙ፤ የአባቴም እግር ከከበሮው ጋር እኩል አረፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አባቴን እንደገና አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ አስረዳኋቸው። ሳሉንም አሳየኋቸው። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አዩት። የጣታቸው ጫፍ ጉልበታቸው ላይ ከከበሮው ጋር ሲመታ አየሁና ያመኑኝ መሰለኝ።

«ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገህ አስተካክለኸዋል» አሉ።

«አባዬ ይሙቱ፣ ምስሉን አልነካሁትም! የተስተካከለው ኮምፒውተሩ ነው።»

«ለአባትህ ብለህ ነው፤ ተባረክ። የፊተኛውን ግን አይዋሽም ያልከኝ አንተው ነህ።»

ከዚያ በኋላ የምለው ሁሉ የልጅ ማጽናኛ ሆነባቸው። ብምል አሳዘንኳቸው፤ ባስረዳ ይበልጥ አዘኑልኝ። ሥራዬን ስለሚያከብሩ ነው ያንን ያህል ያመኑኝ፤ ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

የጥምቀት ዕለት ታቦታቱ ባደሩበት ሜዳ እኔና አባቴ ከምእመናኑ ጋር ከኋላ ቆምን። ወረቡ ሊጀመር ሲል ቦታቸውን የያዘው ተማሪያቸው ሰውን ጥሶ መጣና የራሱን ጸናጽል በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋላቸው። «የኔታ፣ ይግቡ፤ ያለእርስዎ አይሆንልንም» አላቸው። አባቴ ጸናጽሉን አዩት፤ ቀጥለውም እኔን አዩኝ። እኔም እንደ ተማሪያቸው አጎንብሼ ለመንኳቸው።

«እናንተ ቀጥሉ፤ እኔ እንዳላበላሽባችሁ» አሉና እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ።