የሐይቁ ኬጅና የአጎቴ ቃል

የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን ጸሐፊ የሆንኩት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስኩና ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው እንጂ ከሌሎቹ የተሻልኩ አጥማጅ ሆኜ አይደለም። ማጥመድ ያስተማሩኝ የእናቴ ወንድም ናቸው። ለብዙ ዓመት በእሳቸው ጀልባ እኔ እየቀዘፍኩ፣ እሳቸው መረብ እየሳቡ፣ ማለዳ አሞራ ገደል ገበያ ዓሣችንን እያራገፍን ኖረናል። አጎቴ ብዙ አያወሩም። ሲያወሩም በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛቸው ለገበያ የምትበቃ ያህል ናት።

አንድ ቀን ማኅበሩ ለስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት የዓሣ ሀብት ባለሙያ፣ ስብሰባውን የሚመራ ኃላፊ፣ እና ሐይቁ ላይ ዓሣ ማርባት የሚፈልግ ድርጅት ወኪል ተቀምጠዋል። ወኪሉ ግድግዳው ላይ ሥዕል አሳየን። ከብረትና ከመረብ የተሠሩ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ሰፋፊ ቤቶች ናቸው። ኬጅ ይባላሉ አለን። ዓሣው ከጫጩትነቱ እዚያ ገብቶ መኖ እየበላ ያድጋል።

"ነፋስ መፍራት የለ፣ ባዶ እጅ መመለስ የለ" አለ።

ክፉ ሰው አልመሰለኝም። ከስብሰባው በፊት በረንዳው ላይ ነጠል አድርጎኝ፣ "አንተ የተማርክ ነህ። ለኬጆቹ ተቆጣጣሪ ያስፈልገናል" ብሎኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ቀጥሎ ካርታ አሳየን። ቦታውን ወዲያው አወቅኩት። ዳር ዳሩን ፊላ ሣር የሸፈነው፣ ውሃው ጥልቅ ያልሆነ፣ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ የሚራባበት ቦታ ነው። እኛ ራሳችን እዚያ መረብ አንጥልም። አባቶቻችን አይጥሉም ነበር፤ እኛም አንጥልም።

አጎቴ ተነሡ። በሲዳምኛ ቀስ ብለው ተናገሩ፦ "ይህ ቦታ የሐይቁ ጓዳ ነው። የወላድን ጓዳ ዘግታችሁ የእናንተን ዓሣ ልትቀልቡ ነው? የመኖው ትራፊ የት ይወርዳል? እንቁላሉ ላይ ነው የሚወርደው። እኔ ስሞት አድርጉት። በሕይወት እያለሁ ግን ገመዳችሁን በቢላዬ እቆርጠዋለሁ።"

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። "ምን አሉ?"

የወኪሉ ዓይን እኔ ላይ ነበር። አፌ የተናገረውን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

"አባታችን የቦታው ጉዳይ በደንብ ቢታይ ጥሩ ነው ይላሉ" አልኩ።

ከኋላ ጉርምርምታ ተሰማ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰሙ ብዙዎች ነበሩ። ኃላፊው ግን "ጥሩ አስተያየት ነው" ብሎ አለፈ። አጎቴ ቆመው ቀሩ። ትንሽ አዩኝና ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

በማግስቱ ማለዳ ጀልባው ጋ ስደርስ ሌላ ሰው መቅዘፊያውን ይዟል። አጎቴ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ውሃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ፣ "ለእርስዎ ብዬ ነው። ገመድ እቆርጣለሁ ማለት ያሳስራል" አልኳቸው።

"ታሳሪው እኔ ነኝ" አሉ። "አንተን ምን አገባህ?"

ጀልባው ሄደ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ቱላ ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን ያለ ጉዳይ እወጣለሁ፤ በባጃጅ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ፣ ዳር ዳሩን እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ምግብ ሲቀርብልኝ ቆሜ እጎርሳለሁ። ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። የተቆጣጣሪነቱን ነገር ጨምሬ ሁሉንም ነገርኳት።

"ሥራውን ብታገኝ ደስ ይለኛል" አለች። "ማዕበል በተነሣ ቁጥር በር በሩን ማየት ሰልችቶኛል። አንተ ግን ገና ሥራው ሳይሰጥህ እንዲህ ከሆንክ ከተሰጠህ በኋላ ምን ልትሆን ነው?"

ተነሥቼ ወጣሁ። እግሬ ወደ ባለሙያዋ ቢሮ ወሰደኝ። ከሰሜን የመጣች፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የማትበልጥ ሴት ናት። አጎቴ ያሉትን እንዳለ ነገርኳት፤ ቢላዋውንም አልተውኩም። ሰማችኝና መዝገብ አወጣች። በራሴ እጅ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ነው። "ተሰብሳቢው በመርህ ደረጃ ደግፎታል" ይላል። በስብሰባው መጨረሻ ኃላፊው ሲያጽፈኝ ሳልከራከር ጽፌ፣ ፈርሜበታለሁ።

"አሁን የመጣኸው ምን ላድርግልህ ብለህ ነው?" አለችኝ።

"ቦታውን መጥተሽ እዪው።"

ቦታውን ከአጎቴ በላይ የሚያውቅ የለም። ቤታቸው ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ለመንኳቸው። "ለአንተ ብዬ አይደለም" አሉና እሺ አሉ። በቀጠሯችን ጠዋት ሦስታችን በጀልባ ወጣን። ፊላው ዘንድ ስንደርስ መቅዘፊያዬን እንዳነሣ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ውሃው ሥር፣ አሸዋው ላይ ቆሮሶዎች የቆፈሯቸው ክብ ክብ ጎድጓዶች ይታያሉ። አጎቴ በትንሽ መረብ አንዲት ዓሣ አወጡና ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ አስገብተው አፏን በአውራ ጣታቸው ከፈት አደረጉ። ከአፏ ውስጥ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክሉ ዓይኖች ያሏቸው ጫጩቶች ፈሰሱ። ትንሽ ቆይተው አንድ በአንድ ተመልሰው አፏ ውስጥ ገቡ።

ባለሙያዋ ባልዲው ላይ አጎንብሳ ቀረች። "ልጆቿን በአፏ ይዛ እንደምታሳድግ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ" አለች በመጨረሻ። "በዓይኔ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።"

አጎቴ በዚያች የገበያ አማርኛቸው፣ "ጻፊ" አሏት። እሷም ጻፈች።

ሁለተኛው ስብሰባ ሲጠራ እጄን አወጣሁ። ባለፈው ያስተረጎምኩት የአጎቴ ቃል አለመሆኑን፣ ቃለ ጉባኤውም ልክ አለመሆኑን ተናገርኩና ያሉትን አንድም ሳልቀንስ በአማርኛ ደገምኩት። ገመዱን እቆርጣለሁ ያሉት ላይ ስደርስ ኃላፊው ፊቱን አጨማደደ። ወኪሉ ስልኩን ማየት ጀመረ። አጎቴ ከተቀመጡበት፣ "አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት" አሉ።

ባለሙያዋ ያየችውን አቀረበች። ቀኑን ሙሉ ተጨቃጨቅን። ከእኛው መካከል ሁለት ሰዎች፣ መረባቸው ባዶ መውጣት ያንገፈገፋቸው፣ ኬጁን ደገፉ። አልፈረድኩባቸውም። ማምሻውን ኃላፊው ፊላው ያለበት ቦታ እንደተተወ፣ ድርጅቱ ሌላ ቦታ እንደሚያጠና ተናገረ። ኬጁ ቀረ አላለም፤ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ግማሹ ሰው አጨበጨበ።

የተቆጣጣሪነቱ ሥራ እንደማይሰጠኝ ማንም አልነገረኝም፤ ማንም እንዲነግረኝም አያስፈልግም ነበር። ባለቤቴ ስትሰማ የያዘችውን ድስት እሳቱ ላይ ጣደች። ከዚያ፣ "እንግዲህ የውሃ ዋናህን አሻሽል" አለችኝ። ስቃ ነው ወይስ አዝና፣ ዛሬም አላውቅም።

አጎቴ ከሳምንት በኋላ ወደ ጀልባው መለሱኝ። ስለ ነገሩ ግን አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ድሮ እኔ ስቀዝፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ያርፉ ነበር፤ አሁን ግን እንደማያርፉ አያለሁ።

ባለፈው ወር ከወዲያኛው ዳር ቢጫ ተንሳፋፊ ምልክቶች ታዩ። ለኬጁ ይሁኑ ለሌላ፣ ማንስ እንዳስቀመጣቸው የሚነግረን አላገኘንም። ባለሙያዋ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራለች፤ ስልኳ አይነሣም። አንድ ቀን አጎቴ መረቡን ሳይጥሉ፣ "ወደዚያ ቅዘፍ" አሉኝ። ዞርናቸው። የምልክቶቹ ገመድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ምን እንደያዘ አይታይም። አጎቴ ገመዱን በእጃቸው ይዘው ሳብ አደረጉት፣ ክብደቱን መዘኑ፣ ለቀቁት። ነፋሱ ከተነሣ ቆይቶ ነበር፤ ሌሎቹ ጀልባዎች ሁሉ ወደ ዳር እየገቡ ነበር። "እንመለስ ወይ?" አልኳቸው።

"አንዴ ደግመህ ዙር" አሉ።