አማርኛዬ የጠፋበት ሳምንት

አሥራ አንድ ዓመት እንጨት የሰነጠቅኩለት የበርና የመስኮት ሥራ ባለቤት፣ በታመምኩበት ቀን አድመኛ ብሎ አባረረኝ። ይኸው ነው። አልጨመርኩበትም፣ አላሳመርኩትም።

ታኅሣሥ 2008 ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነገር ቡራዩን አፍልቷታል። መንገድ ይዘጋል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ሱቅ ጠዋት ተከፍቶ ረፋድ ላይ ይዘጋል። እኛ የግቢውን በር ገርበብ አድርገን እንሠራ ነበር። የዚያን ቀን ስነሳ ቀኝ እጄ ከብዶኛል። ተኝቼበት ነው ብዬ ሄድኩ። ባለቤቱ ከሰሜን መጥቶ ቡራዩ ላይ ያረጀ ሰው ነው፤ ኦሮምኛው ከሰላምታ አያልፍም። "የትናንቱ በር ቁመቱ ስንት ነበር?" አለኝ። ያኔ ፊደል ስለማላውቅ የሥራው ሁሉ ልክ የሚቀመጠው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ልኩን አውቀዋለሁ። አማርኛው ግን የለም። ብፈልገው ብፈልገው የለም። በኦሮምኛ መለስኩለት።

"በአማርኛ ንገረኝ እንጂ!"

እንደገና በኦሮምኛ፣ ያውም እየተንተባተብኩ።

"አሃ! አንተም ጀመርክ? ስንት ዓመት ያወራህበት ቋንቋ ዛሬ አስጠላህ?"

አልቻልኩም ልለው ፈለግኩ፤ እሱም የወጣው በኦሮምኛ ነው። "ውጣ! አድማህን ውጭ ካሉት ጋር አድርግ!" አለኝ። ኦሮምኛ የሚችሉ ሁለት ሠራተኞች አጠገባችን ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፉ። ፈርተው ነው ይባላል። ይባል።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ መንገድ ደረሰ። ወጣቶቹ ደግሞ "ጎሽ ኦቦ! አማርኛ አልናገርም አልካቸው አሉ!" እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። አንዱ አድመኛ አለኝ፣ ሌላው ጀግና አለኝ። የታመመ ሰው ያየ አልነበረም።

ቤቴ ስገባ ጎረቤቶቼ አፌ መጣመሙን አይተው "ምች ነው" አሉ። ዳማከሴ ጨምቀው ፊቴን አሹኝ፣ አጠጡኝ። ሰፈሬ ምች ያላለው በሽታ የለም። እንዲህ ሦስት ቀን ባከነ። በአራተኛው ቀን መንገድ ሲከፈት እህቴ ከዓለም ገና መጥታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ ኦሮምኛም አማርኛም ትናገራለች። "ፈገግ ይበሉ እስቲ። ሁለቱንም እጅዎን ያንሱ" አለችኝ። ቀኙ ወረደ። ቁልፍ አሳየችኝ፤ በኦሮምኛ ጠራሁት። በአማርኛ ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ። ሆስፒታል ላከችኝ፤ ጭንቅላቴን በማሽን አንስተው ስትሮክ ነው አሉ። ተመልሼ ክትትል የጀመርኩት እሷ ጋ ነው።

"ደም ያልደረሰው የአንጎልዎ ክፍል ሞቷል። እሱ አይነሳም" አለችኝ፤ እንደ እኔው ቀጥተኛ ናት። "ጎረቤቱ ግን ሥራውን መልመድ ይችላል፣ ካሠሩት። አፍ የፈቱበት ቋንቋ ተርፎልዎታል፤ ሁሉም ላይ እንዲህ አይሆንም። የደም ግፊቱን ክኒን አያቋርጡ። ጨው ይቀንሱ፣ አረቄ ይተው፣ ይራመዱ፣ በደንብ ይተኙ። ደግሞ አዲስ ነገር ይማሩ።"

"ምን ልማር? በዚህ ዕድሜ?"

"ፊደል ይችላሉ?"

"ኧረ አልችልም።"

"እንግዲያው ሥራ አለልዎት።"

እህቴ ቤት ዓለም ገና ገባሁ። እህቴ ርኅራኄ አታውቅም፤ ለዚህም አመሰግናታለሁ። ሌላው ሰው እንደ ደንቆሮ ይጮህብኝ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። እሷ ሳህኑን ይዛ ትቆማለች።

"ስሙን ካልጠራኸው አትበላም።"

"ሽ... ሽሮ።"

"ጎሽ። ይቺስ?"

"ጨው።"

"ብትጠራትም አታገኛትም!" ብላ ትስቃለች።

ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬ ሥር ደርሶ "ሀ ሁ" አልኩ። እርሳሱን በግራ እጄ ያዝኩ። አንድ ፊደል አንድ ሳምንት የፈጀብኝ ጊዜ ነበር። የሚገርመው፣ የፊደሉን መልክ ስይዝ የጠፋብኝ ቃል አብሮ መምጣት ጀመረ። "መ"ን ስጽፍ መጋዝ መጣ። "ሚስማር" ያልኩ ዕለት አስተማሪው ፊት አለቀስኩ። በዓመቱ አማርኛዬ ተመልሷል፤ ዘገምተኛ ነው፣ ግን የራሴ ነው።

ስሜ ግን አልተመለሰም። ሥራ ልጠይቅ ቡራዩ ሦስት የእንጨት ቤት ሄድኩ፤ ሦስቱም ጋ የድሮው አሠሪዬ ቀድሞኝ "ተጠንቀቁት" ብሏል። ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁበት። ተቀመጥን። ነርሷ በአማርኛ የጻፈችልኝን የሕመሜን ወረቀት ራሴ አነበብኩላቸው፤ ብዙ ቦታ ቆምኩ፣ ግን ጨረስኩት። ባለቤቱ እንዲህ አለ፦

"አባቶቼ፣ ያን ቀን አፉ ተጣሞ ነበር። አይቻለሁ። ያፌዘብኝ መስሎኝ ነው። ያን ሳምንት ማንን ላምን? ፈርቼ ነበር።"

"እኔም ፈርቼ ነበር ጋሼ። ምን ሆንክ ብለው ግን አልጠየቁኝም" አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፤ ስሜን ያጠፋበት ቦታ ሁሉ እኔን ይዞ ሄዶ በአፉ እንዲያቃና። ሄድን። ሽቅብ ቁልቁል፣ ሳንነጋገር፣ እኔ በዘገምተኛ እግሬ፣ እሱ እየጠበቀኝ። ይቅር ብዬዋለሁ፤ ውደደው ያለኝ የለም። ሦስተኛው ቤት ስንደርስ ባለቤቱ መሐል ላይ ቆመ። "ታሞ ነበር። የበደልኩት እኔ ነኝ" አለ ሰው ሁሉ እየሰማ። የዚያ ቤት ጌታ እኔን አየና "ሰኞ ና" አለኝ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር።